ያልጎበጠው ቧንቧ

ትሁት የአሮጌዋን ሞተር የፊት ሾክ ፈትታ፣ ቧንቧውን በመስታወት ላይ አስተኝታ በመዳፏ አንከባለለችው። ሳይንገዳገድ እስከ ጠርዙ ሄደ። ሁለተኛውም እንደዚያው።

«ጎብጧል አይደል?» አለ አባቷ ባፈና ከደፉ ላይ ተቀምጦ። ጉልበቱ ላይ ያለው ቁስል ገና ቅርፊቱን አልጣለም።

«ቆይ እስቲ አባዬ።»

ባፈና በዚህችው ሞተር ክትባት ጭኖ የጋሞን ደጋ ከብት ሲያክም የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ መሥሪያ ቤቱ በጨረታ ሸጠለት። ባለፈው ሳምንት ከጨንቻ ሲወርድ ወደቀ። «ፍሬን ስይዝ ፊቷ ተደፋብኝ» አለ። ታላቅ ወንድሟ ነህምያ ግን «ዓይኑ ነው የደከመው፤ ሞተሯ ትሸጥ» ሲል የትሁት ደም ፈላ። ምህንድስና የተማረችው እሷ ናት፤ ሥራ አለማግኘቷ ደግሞ ለማንም አላዋቂ እንዲያስተምራት ፈቃድ አይሰጥም። «ብሎን ፈትተህ ታውቃለህ? አባቱን በወሬ የሚያሳውር ልጅ አንተን አየሁ። ጥፋቱ የሾኩ ካልሆነ ገዢውን እኔው ራሴ አመጣለሁ» አለችው፣ ጎረቤት እስኪሰማ።

አሁን ቧንቧው ቀጥ ብሎ ተኝቶ ይሟገታታል። ሞላዎቹን ጎን ለጎን አቆመቻቸው፤ እኩል ናቸው፣ አልደከሙም። ያገኘችው ጥፋት በአንድ በኩል ዘይት የሚያሾልክ ያረጀ ጎሚኒ፣ የጎማ ማሸጊያ፣ ብቻ ነው። ይህ ሰው አይጥልም።

«ምን አገኘሽ?»

«ጎሚኒው አልቋል።»

«አላልኩም?» አለ ባፈና ፊቱ በርቶ። «ለዚያ ዳኛ ወንድምሽ ንገሪልኝ።»

አልነገረችም። ጎሚኒውን ቀየረች፤ ወፈር ያለ ዘይት ሞላች። ፍሬን ሲያዝ ፊቷ ቶሎ እንዳይዘቀዝቅ ከሞላዎቹ በላይ ከብረት ቧንቧ ቆርጣ የሞረደቻቸውን ቀለበቶች ጨመረች። እጇ ይሠራል፤ ልቧ ግን አልረጋም። ብሎን ታጠብቃለች፣ ታላላለች፣ መልሳ ታጠብቃለች።

ከሰዓት በኋላ ባፈና ነዳ፤ እሷ ከኋላው ተቀመጠች። ከሴቻ ወደ ሲቀላ የሚያወርደውን ቁልቁለት ያዙ።

«የምትሰግር በቅሎ ሆነችኮ!» አለ ባፈና።

ከፊታቸው አንድ ባጃጅ ተሳፋሪ ሊያወርድ ቆመ። ትሁት አባቷ ፍሬን እስኪይዝ ጠበቀች። አልያዘም። ስለ በቅሎ ማውራቱን ቀጥሏል።

«አባዬ፣ ባጃጅ!»

ፍሬኑን ጨመቀ። የሞተሯ ፊት ዝቅ አለ፣ ግን አልተደፋም። ሾኩ ሸክሙን ተቀበለ፤ ከባጃጁ አንድ ክንድ ሲቀር ቆሙ።

የባጃጁ ሹፌር አንገቱን አወጣ። «ፋዘር፣ ሊሳፈሩ ነው?»

ባፈና አልሳቀም። ሞተሯን ወደ ዳር አውጥቶ አጠፋት።

«ሾኩ ሠርቷል» አለ።

«ሠርቷል።»

«ታዲያ ምን ቀረ?»

ትሁት ስልኳን አውጥታ ነህምያ ጋ ደወለች።

«እህስ ኢንጂነር፣ ሾኩ ነው?»

«አይደለም። ዓይኑ ነው። ልክ ነበርክ።»

ነህምያ ለክርክር እንጂ ለዚህ አልተዘጋጀም። «እንግዲያ ገዢውን...»

«አትሸጥም። ቃሏን በላች በለኝ፣ ግድ የለኝም። የምነዳው እኔ ነኝ። አንተ የዓይን ሐኪም ፈልግለት።»

ባፈና ሁሉንም ሰምቷል። ቁልቁለቱን፣ በሚያየው መጠን፣ አየ። ከዚያ ወርዶ ቁልፉን ሰጣትና ከኋላዋ ተፈናጠጠ። እጆቹን ትከሻዋ ላይ አሳረፈ።

ሲቀላ ሲገቡ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ መጣ። ትሁት ቀድማ አይታው ቀስ ብላ አለፈችው። ትንሽ እንደሄዱ ትከሻዋ ተጨመቀ።

«ጉብታ አለ፤ ፍሬን ያዢ።»

ጉብታው ከኋላቸው ቀርቷል፤ ከፊታቸው ያለው መንገድ እንደ መዳፍ የተዘረጋ ነው። ትሁት ደግሞ የሰው ስህተት ሳታርም አልፋ አታውቅም። አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችውና ፍሬኑን ያዘች።