የሚያሸናው ኪኒን

ባሌ ሲሳይ ጠዋት ኪኒኑን አፉ ውስጥ አድርጎ ውሃ ሲጠጣበት በዓይኔ አይቻለሁ። እንግዲህ ዋጠው ብዬ አምኜ፣ ለንግዴ ዕቃ ላመጣ ወልድያ ልሄድ ከቤት አብሬው ወጣሁ። መርሳ መናኸሪያ ደርሰን እኔ ጋቢና ስቀመጥ፣ እሱ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ወደ ውጭ እንትፍ አለ። ግማሹ የሟሟ ነጭ ኪኒን መሬት ላይ ወደቀ።

“ምንድን ነው የተፋኸው?” አልኩት።

“ምኑን?”

“ሲሳይ፣ አታጃጅለኝ!”

“አንቺ ደግሞ ዓይንሽ የማያየው ነገር የለም” ብሎ ፊቱን አዞረ።

ሲሳይ ከመርሳ ወልድያ ሚኒባስ ይነዳል፤ መኪናው የሰው ነው። ደም ግፊቱን ለዓመታት ችላ ሲለው ኖሮ፣ ከፋሲካ ወዲህ ልቡ ደክሟል ተባለ። ልብ ደሙን በደንብ መግፋት ሲያቅተው ውሃ በእግርና በሳንባ እንደሚጠራቀም ሐኪሙ አስረድቶናል። ውሃውን በሽንት የሚያስወጣ ኪኒን ታዘዘለት፤ ጠዋት ጠዋት እንዲወስደው። ቀጠሮ በደረሰ ቁጥር ግን እግሩ አብጦ ይገኛል። ሐኪሙም ግራ እየገባው መጠኑን ይጨምርለታል። እኔ የጨው ጥፋት መስሎኝ ጨው የሚባል ከቤቴ አጠፋሁ፤ ልጆቻችን እንኳ ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ጎረቤት መጥፋት ጀምረው ነበር። ለካ እሱ መድኃኒቱን በየመንገዱ እየተፋልኝ ነው!

“ያሸናል ሂሩት” አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ሰው ጭኜ በየቦታው ልቁም? ባለመኪናው ቢሰማ ለልብ በሽተኛ መኪናውን ይሰጠኛል ብለሽ ነው? እሁድ እሁድ እወስደዋለሁ እኮ።”

ደሜ ፈላ። ቦርሳዬን ከፍቼ ለክፉ ቀን ከያዝኩለት ኪኒን አንድ አወጣሁ። “ዋጥ! እያየሁህ ዋጥ! አለዚያ ባለመኪናው ጋ የምደውለው እኔ ነኝ።” ዋጠው። እንደ ሕፃን አፉን አስከፍቼ፣ ምላሱን አስነሥቼ አየሁ። ረዳቱ አለሙ ከውጭ “ወልድያ! ወልድያ!” እያለ ሰው ይጠራል። የዚያን ቀን ተሳፋሪ እንደ ልብ አልነበረምና መኪናው እስኪሞላ ብዙ ቆየን።

ስንነሣ ጀምሮ ልቤ አልተረጋጋም። አንዴ እጁን፣ አንዴ የተገተረውን የአንገቱን ሥር፣ አንዴ መንገዱን አያለሁ። ሲሪንቃን እንዳለፍን መቀመጫው ላይ መቁነጥነጥ ጀመረ። ከንፈሩን ነከሰ። ያልበዋል። ከዚያ ነዳጁን ረገጠ። ሲሳይ አንድ አይሱዙ ቀድሞ ሲታጠፍ እግሬ ሳላስበው ፍሬን እንደሚይዝ ሰው ወለሉን ረገጠው። እስከዚያ ስለ እሱ ሕይወት ብቻ ስጨነቅ ነበር፤ አሁን ግን ከኋላ ያለው ሰው ሁሉ አንገቴ ላይ ተንጠለጠለ።

“አቁም” አልኩት በሹክሹክታ።

“እንደርሳለን።”

ሲሳይን አውቀዋለሁ፤ ሽንቱ ቢያፈነዳው እንኳ ስለ ራሱ ብሎ አያቆምም። ስለዚህ ዞር ብዬ ሁሉም እንዲሰማ ጮህኩ። “ሹፌር አቁም! ሆዴን አሞኛል፣ መውረድ አለብኝ!”

ከኋላ ሳቁ። “ምነው እትዬ፣ ወልድያ እኮ ቅርብ ነው” አለ አንዱ። ትልቅ ሴትዮ ሆኜ በሰው ፊት እንዲህ ማለት ሞት ነው፤ ግን የእኔ ኀፍረት ከእሱ ሞት ይሻለኛል። አቆመ። እኔ መንገዱ ዳር ሆዴን ይዤ ስቆም፣ እሱ እግረ መንገዱን የወረደ መስሎ ከመንገዱ በታች ካለው ቁጥቋጦ ጀርባ ተሰወረ።

መውረዱን ወረደ፤ መውጣቱ ግን አቃተው። ልጅ የሚሮጥባትን ያችን ትንሽ አቀበት መሐል ላይ ቆሞ ጉልበቱን ይዞ ያቃስታል። ትንፋሹ ሲር ሲር ሲል እስከ እኔ ይሰማል። ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት እያየው ነው። አለሙ ሮጦ ደገፈው፤ እኔም በሌላው ጎኑ ገባሁ።

“ሂሩት፣ መንዳት አልችልም” አለኝ። በትዳራችን ዘመን አልችልም ሲል ሰምቼው አላውቅም።

አለሙ ወደ ወልድያ የሚያልፈውን የመጀመሪያ መኪና አስቁሞ እኛን ጫነን፤ ሌላውን ተሳፋሪ በሚመጣው ሁሉ ሊያከፋፍል እዚያው ቀረ።

ክትትሉ ያለበት ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ ቅልጥሙን በጣቱ ተጫነው፤ የጣቱ ጉድጓድ እንደ ሊጥ ሳይመለስ ቀረ። ሲሳይ የኪኒኑን ነገር ሳይደብቅ ተናገረ።

“ለምንድን ነው ግን የማይወስዱት?” አለ ሐኪሙ።

“መንገድ ላይ ነኝ። ሹፌር ነኝ።”

ሐኪሙ ካርዱን ገለበጠ። “እዚህ ነጋዴ ነው የሚለው።”

ነጋዴዋስ እኔ ነኝ! ቀና ብዬ አየሁት፤ እሱ ግን ወለሉን ያያል። “አትንዳ እንዳትሉኝ ብዬ ነው” አለ።

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። “ብናውቅ ኖሮ ከሥራ ሲገቡ ይውሰዱት እንልዎ ነበር። ጠዋት ያልነው ሌሊት እንቅልፍ እንዳይነሣዎ ብቻ ነው።”

ይኸው ነበር። አንድ እውነተኛ ቃል ቢናገር ያ ሁሉ ውሃ ሳንባው ውስጥ ባልገባ! ሐኪሙ ይተኛ አለ፤ ልቡ ከበፊቱ ይበልጥ ደክሟል፣ ምን ያህሉ እንደሚመለስ አሁን መናገር አይቻልም አለ። ኦክስጅን አፍንጫው ላይ ተደረገለት።

“ተቆጣሽ?” አለኝ ነርሷ ዞር ስትል። “ሂሩት ሙች፣ ሞትን ፈርቼ አይደለም። ቤት መቀመጥን ነው የፈራሁት።”

“እኔ ግን ሞትህን ነው የምፈራው!” ብዬ ጮህኩ። “የምፈራው እሱን ብቻ ነው!”

በክፍሉ ያሉት በሽተኞች ቀና ቀና አሉ። ነርሷ እየሮጠች መጥታ “ዝም በዪ፣ ሆስፒታል ነው” አለችኝ። ዝም አላልኩም።