ጀውሀር የሸሸገችው ሽታ

ጂዳም ይሁን መካ አንዲት የወሎ ልጅ ስትሞት መጀመሪያ የሚደወለው ለጀውሀር ነው። መካ፣ ነካሳ ሰፈር ዳገቱ ላይ ከባሏ ከከድር ጋር ትኖራለች፤ የሴት ሬሳ ታጥባለች። የምትፈለገው እጇ ስለሚለሰልስ ብቻ አይደለም፣ አፏም የተዘጋ ስለሆነ ነው። ሬሳ ያጠበ ያየውን አያወራም። የሟችን ነውር የሸሸገ አርባ ጊዜ ይማራል ሲባል ከልጅነቷ ስትሰማ አድጋለች፤ ቃሉንም እንደ ክታብ አንገቷ ላይ አስራ ነው የኖረችው። ሴቶቹ "እንዴት ነበረች?" ሲሏት መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው። "ፊቷ ኑር ነበረው፣ አልሐምዱሊላህ።" ፊቷ ቢበራም ባይበራም፣ ምንም ይምሰል ምን።

የዚያን ማክሰኞ ከዙህር ሶላት በኋላ የማጠቢያው ድንጋይ ላይ የተጋደመችው ኸውላ ነበረች። ገና ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ጂዳ፣ ኦብሑር፣ ባሕሩ ዳር ካለ ቪላ ተቀጥራ ስትሠራ ዓመት አልሞላትም። ከሁለት ቀን በፊት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወድቃ ተገኘች። ከሐኪም የመጣው ወረቀት "ልቧ ቆሞ" ይላል። ልቡ ሳይቆም የሞተ ሰው ካለ እስቲ ይንገሩን።

ጀውሀር ቢስሚላህ ብላ በቀኝ ጎኗ ጀመረች። ውሃውን ቀስ አድርጋ አፈሰሰች፣ ሆዷን በስሱ ዳሰሰች። ከዚያ ሹሩባዋን መፍታት ያዘች፤ የሴት ፀጉር ተፈትቶ ነው የሚታጠበው። ሦስተኛውን ጉንጉን ስትፈታ ሽታው ወጣ። በረኪና ነው፤ ግን በረኪና ብቻውን እንዲህ ጉሮሮ አይቧጥጥም። የዓይኗን ቆብ ገለጥ አድርጋ አየች። ደም መስሏል። አፍንጫዋ ሥር አረፋ ደርቋል።

ጀውሀር የፈታችውን ጉንጉን ወደ ራሷ አፍንጫ አስጠጋች። ይህን ሽታ ታውቀዋለች። ከሦስት ወር በፊት፣ እዚሁ ድንጋይ ላይ፣ ከሰፊያ ፀጉር ውስጥ ወጥቶ ነበር።

ሰፊያን ደግሞ በሕይወቷም ታውቃታለች። ጀውሀር ከማግባቷ በፊት ጂዳ፣ ሳፋ ሰፈር፣ አንድ ቤት ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ሠርታለች። ሰፊያ አዲስ ሆና ስትመጣ ሥራ ያስለመደቻት እሷ ናት። "የሽንት ቤቱ ሸክላ ቢጫ ሆኖ አልለቅ ሲልሽ በረኪናውን ከአሲዱ ጋር ደባልቂው፤ ሲጨስ ትንሽ ጠብቂና ፈትጊው" ብላ ያሳየቻት እሷ ናት። የሳፋው ቤት ሰፊ መስኮት ነበረው። ጭሱ ያስላቸዋል፣ እየተሳሳቁ ይወጣሉ፣ ያልፋል። ሰፊያ በኋላ የገባችበት የኦብሑር ቪላ ግን መስኮቱ አይከፈትም፤ ቅዝቃዜው እንዳይወጣ ሁሉም ነገር ታሽጓል።

ሰፊያ የሞተች ጊዜ ሴቶቹ ምክንያት ለማግኘት አልተቸገሩም። ጂን መታት አሉ። መታጠቢያ ቤት የጂን ሰፈር ነው፤ ዱዓ ሳትል ገብታ ነው። በሴቶቹ የዋትሳፕ ግሩፕ የመታጠቢያ ቤት መግቢያው ዱዓ ከስልክ ስልክ ተላለፈ። አንዷ ከራሷ ጨምራ "በሩንም ዝጉት፣ ወደ ቤቱ እንዳይወጣ" አለች። ሁሉም አሚን አሉ። ጀውሀር ይህን ሁሉ ሰምታ ዝም አለች። የሰፊያ እህት ሸሪፋ እያለቀሰች "እንዴት ነበረች?" ስትላትም የለመደችውን መለሰችላት።

ሰትር ነው፣ የሟችን ነውር መሸፈኔ ነው ብላ ነበር ለራሷ። ውሸቷን ነው። ሰፊያ የሚሸፈን ምን ነውር ነበራት? ጀውሀር የሸፈነችው የገዛ እጇን ነው፤ ይህንንም ያኔም ቢሆን በደንብ ታውቀው ነበር።

ኸውላን በከፈን ጠቅልላ ስትወጣ በሩ ላይ ሸሪፋ ቆማለች። ከኸውላ ጎን ያለው ቪላ ነው የምትሠራው፤ ማዳሟን ለምና ለቀብሩ መጥታለች።

"እትዬ ጀውሀር፣ ወላሂ ዱዓውን ብላ ነው የገባችው" አለች። "በሩንም ዘግታዋለች። ማዳሟ አንዴ እያሳላት ስትወጣ አይታታለች፤ እንግዳ ይመጣል፣ ያላ ቶሎ በይ ስትላት ተመልሳ ገባች። እንዴት ነበረች?"

"ፊቷ..." አለች ጀውሀር። የቀረው አልወጣ አላት።

ከዐስር ሶላት በኋላ ሐረም መስጊድ ተሰግዶባት ኸውላ ተቀበረች። ጀውሀር ቤቷ ገብታ ስልኳን ይዛ ተቀመጠች። ከድር ነገሩን ከአፏ ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ።

"አንቺ ሴትዮ፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ፖሊስ ከየት አወቅሽ ቢልሽስ? ኢቃማችን አሠሪው እጅ ነው፤ ከነጠቀን ከአገር እንባረራለን። ኸላስ፣ የሞቱት ሞተዋል።"

"እኔን ያስጨነቁኝ ያልሞቱት ናቸው።"

"ቀደር ነው፣ ጀውሀር፤ የአላህ ውሳኔ።"

"ቀደርማ ነው። በረኪናውን የደባለቀው ግን እጅ ነው፤ እጁን ያስተማርኩት ደግሞ እኔ ነኝ።"

ድምጿን ለግሩፑ ሦስት ጊዜ ቀድታ ሦስት ጊዜ አጠፋችው፤ ሁሌም መጨረሻው ላይ ስትደርስ ነው የምታቆመው። በአራተኛው ላከችው።

"አሰላሙ ዐለይኩም እህቶቼ። ጀውሀር ነኝ፣ የነካሳዋ። ያጠብኩትን አውርቼ አላውቅም፤ ዛሬ አወራለሁ፣ አላህ ዐውፍ ይበለኝ። ሰፊያንም ኸውላንም ጂን አልመታቸውም። በረኪናና አሲድ ሲደባለቁ የሚወጣው ጭስ ነው የገደላቸው። ሁለቱን አታገናኙ፣ አንድ ላይ አታፍስሱ። ሐማም ስታጥቡ በሩን ክፈቱት። ጭሱ ጉሮሯችሁን ከያዛችሁ ጥላችሁ ውጡ። ማዳም ብትጮህ ትጩህ፤ ለባልዲው ብላችሁ አትመለሱ። ዱዓችሁን በሉ፣ በሩን ግን ክፈቱ። መደባለቁን ለሰፊያ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ስትሞትም አውቄ ዝም አልኩ።"

ስልኩ ይንጫጫ ጀመር። አንዷ "የሬሳ ገላ የምታወሪ፣ አላህን አትፈሪም?" አለች። ሌላዋ "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" ብላ ጻፈች፤ እውነቷን ነው። ከዚያ ሸሪፋ ደወለች።

"እትዬ፣ ሰፊያን ስታጥቢ ሸቶሽ ነበር ማለት ነው?"

"ሸቶኝ ነበር፣ ሸሪፋዬ። ፈራሁ።"

ጀውሀር የተቋረጠ መስሏት ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ አየችው።

"መደባለቁን እኔን ያሳየችኝ ሰፊያ ናት" አለች ሸሪፋ በመጨረሻ። "ኸውላን ደግሞ እኔ። ባለፈው ወር ነው። ሸክላው አልለቅ ብሏት ስታለቅስ አገኘኋትና፣ ነይ እስቲ ብዬ በገዛ እጄ ደባልቄ አሳየኋት። ያኔ ነግረሽኝ ቢሆን..."

"ጥፋቱ የኔ ነው። ያንቺ አይደለም፣ ልጄ።"

"ለኸውላ እናት እንዲህ ብለሽ ንገሪልኛ!" ስልኩ ተዘጋ።

ጀውሀር መልሳ ደወለች። አይነሳም። በማግስቱም፣ በሠልስቱም አልተነሳም። ልጅቷን ምን አሸከምኳት እያለች እህል አልወርድ አላት።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ የራሷ ድምፅ ሪያድ ካለች አንዲት ሴት ዞሮ መጣላት። ከሥሩ ሌላ ድምፅ ተከትሎታል።

"ሸሪፋ ነኝ፣ የሰፊያ እህት። ጀውሀር ያለችው እውነት ነው። ኸውላን መደባለቅ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ለእናቷም ደውዬ ነግሬያታለሁ። በሩን ክፈቱ።"

ጀውሀር ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አለቀሰች። ከድር አጠገቧ መጥቶ ተቀመጠ፤ የዝንቡን ተረት ግን ዳግመኛ አላነሳም።

ከዚያ ወዲህ ለማጠብ የሚጠሯት ቀንሰዋል። የሚጠሯትም "እንዴት ነበረች?" አይሏትም። "በምን ሞተች?" ነው የሚሏት፣ ያየችውን ትነግራቸዋለች። ሸሪፋ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ስልኳን አላነሳችላትም።