የወይራ አምባ ክብ

ደሳለ ፈተናውን የፈለገው ፈተናውን ወዶ አይደለም፤ ወልድያን ፈልጎ ነው። ሚስቱ የሺሃረግ ወልድያ ነርስ ናት። እሱ ደግሞ ከላሊበላ ማዶ፣ ስሟን ብንጠራ ቅር በሚላት አንዲት የደጋ ወረዳ፣ ግብርና ጽሕፈት ቤት ውስጥ የዕቅድና ሪፖርት ባለሙያ ነው። ተጋብተዋል፣ ወልደዋል፣ ልጃቸው እየሩስም አፏን ፈትታለች፤ አብሮ መኖር ግን ገና አልተጀመረም። የዝውውር ማመልከቻ ባስገባ ቁጥር "ቦታ የለም" ይሉታል፤ ቦታ ሲገኝ ደግሞ "ለቦታው አትመጥንም" ይሉታል። ሕፃኗ እናቷ ስልክ ስታነሣ ባየች ቁጥር "አባዬ!" እያለች ስልኩን ትስመዋለች። ደሳለ ይኼን ሲሰማ አንዳንዴ ይስቃል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ወሬ ይለውጣል።

በሁለት ሺህ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት በጋ ላይ ዞኑ ማስታወቂያ አወጣ። ወልድያ ላይ የመረጃ ባለሙያ ይፈለጋል፤ አመልካቹ ቁጥርን ወደ ሥዕል በሚቀይር የኮምፒውተር ፕሮግራም የመጀመሪያ ደረጃ የብቃት ሰርተፍኬት ሊኖረው ይገባል። በዚያ ዘመን መንግሥታችን ከችግኝ ቀጥሎ የሚወደው ነገር ቢኖር ሰርተፍኬት ነበር። ሥልጠናውም ፈተናውም የሚሰጠው ላሊበላ ነው ተባለ። ቱሪስት የራቀበት ዓመት ስለነበር ሆቴሎቹ አዳራሻቸውን ለስብሰባና ለሥልጠና ማዋል ይዘዋል። ደሳለም የመሥሪያ ቤቱን ላፕቶፕ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ በቅዳሜና እሑድ እየተመላለሰ ሊማር ተመዘገበ።

አሠልጣኟ ፈትሂያ ትባላለች፤ የኮምቦልቻ ልጅ ናት፣ ፈጣን፣ ቀልደኛ፣ አንድ ነገር ሁለቴ መናገር የማትወድ። በመጀመሪያው ቀን ፕሮግራሙን ከፈተችና፣ "እዚህ ላይ ሁለት ቀለም ታያላችሁ" አለች። "ሰማያዊው የሚለይ ነው፤ ቀበሌ፣ ስም፣ ጾታ። አረንጓዴው የሚለካ ነው፤ ኩንታል፣ ሜትር፣ ሄክታር። ይኼ የገባው ግማሹን ፈተና አለፈ።"

ደሳለ ገባው። ትንሽ ቆይቶ ግን ወጣበት።

"ዓመተ ምሕረትስ?" ብሎ ጠየቀ። "ቁጥር ነው፤ ይለካል?"

"እንዳስፈለገህ ነው። ሰማያዊም ይሆናል፣ አረንጓዴም ይሆናል።"

"ሁለቱንም?"

"አንድ ላይ ሳይሆን እንደ ጥያቄህ።"

ደሳለ ጥያቄ እንደሌለው፣ የፈለገው መልስ ብቻ እንደሆነ ሊነግራት ቃጣውና ተወው። ያን ዕለት ዓመታቱን ወደ አረንጓዴው ወስዶ ጣላቸው። ፕሮግራሙም አንዳች ሳያመነታ ደመራቸውና፣ ከዓለም መፈጠር ወዲያ የሚያደርስ ቁጥር አመጣለት። ከጎኑ የተቀመጡት ሠልጣኞች ሳቁ። እሱም ሳቀ፤ የሳቀው ግን ገብቶት አልነበረም።

መለማመጃ ተብሎ የተሰጣቸው ደግሞ የአንድ የአሜሪካ መደብር ሽያጭ ነው። ወንበር በኬንታኪ፣ ጠረጴዛ በኦሃዮ። ደሳለ ለወራት ያህል ማንነታቸውን የማያውቃቸው ሰዎች የገዙትን ወንበር ሲደረድር ከረመ። ኬንታኪ ላይ ሽያጭ ለምን እንደወደቀ ሲያስብ እንቅልፍ ያጣበትም ጊዜ አለ። ከዚያ ፈትሂያ የፈተናውን የመጨረሻ ክፍል አስረዳቻቸው፤ እያንዳንዱ ተፈታኝ ከገዛ መሥሪያ ቤቱ መረጃ አንድ ሥዕል ሠርቶ፣ ሥዕሉ ምን እንደሚል በቃሉ ያስረዳል። ደሳለ እፎይ አለ። ቢያንስ የሚያውቀው አገር ነው።

የመረጠውም ችግኝ ነበር። ጽሕፈት ቤቱ እንደ ችግኝ ሪፖርት የተትረፈረፈ ነገር የለውም። እሱ እዚያ ከመቀጠሩ በፊት ከነበሩት ዓመታት ጀምሮ በየክረምቱ የተተከለው ሁሉ በየቀበሌው ተመዝግቦ ቁም ሣጥን ሞልቷል። ሁሉንም ወደ ኮምፒውተር አስገባ። ካርታውን ዘረጋ፤ ለየቀበሌው በተከለው ልክ የሚተልቅ አረንጓዴ ክብ እንዲሣልለት አዘዘ።

ፕሮግራሙም ሣለለት። ወይራ አምባ የምትባለው ቀበሌ ክብ ወረዳውን ከነጎረቤቱ ዋጠችው። ተከዜን ተሻግራ፣ ላሊበላን ከነአየር ማረፊያው ሸፍና፣ የነአኩቶ ለአብን ገዳም በደን አልብሳ ቆመች። ካህናቱ ይኼን ያህል ጥላ እንደወረደላቸው የነገራቸው የለም። ደሳለ ላፕቶፑን አጥፍቶ አበራው። ክቧ ንቅንቅ አላለችም።

የተሳሳትኩት ድምሩ ላይ ነው ብሎ አሰበ። ድምሩን ትቶ አማካይ አደረገው፤ ወረዳው ወደ ተራ ቁጥቋጦ ወረደ። ከፍተኛውን ጠየቀው፤ እንደገና ደን ሆነ። የመጨረሻውን ዓመት ብቻ ሲለው ሌላ አገር መጣ። መጽሐፉን ቢያገላብጥ ሁሉም ትክክለኛ አሠራር ናቸው ይላል። በመስኮት ወደ ውጭ ቢያይ ወይራ አምባ ማዶ ተቀምጣለች፤ ዓይን የሚገባው ነገሯ ድንጋይ ብቻ ነው። ስሟ ወይራ ይሁን እንጂ በመላ ተራራው ላይ የወይራ ጭራሮ ለጥርስ መፋቂያ የሚያገኝ ሰው ዕድለኛ ነው።

ማታ ለየሺሃረግ ደወለላት።

"ታዲያ የትኛው ነው ልኩ?" አለችው።

"ሁሉም ልክ ናቸው ይላል።"

"እንዴት ሁሉም ልክ ይሆናል? እንግዲህ እኛ ጋ አንድ በሽተኛ ሦስቴ ቢመጣ፣ ሦስት ምርመራ እንላለን እንጂ ሦስት በሽተኛ አንልም። አንድ ሰው ነው።"

ደሳለ ብድግ ብሎ ቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሆነ ነገር ብልጭ አለለት። "ቆይ! በሽተኛው ከሞተስ?"

"ከሞተማ አይመጣም! ምን ነካህ ደሱ?"

"ችግኙ ግን እየሞተ ይመጣል። በየዓመቱ እንደ አዲስ ነው የሚመዘገበው።"

"እኔንም ግራ አጋባኸኝ እኮ" አለች የሺሃረግ። "ብቻ እንደምንም እለፍልኝ። ልጅቷ ስልክ እየሳመች ልታድግ ነው።"

በማግሥቱ በእግሩ ወይራ አምባ ወጣ። የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ፈንታው ይባላል፤ ተራራውን እንደ ገዛ ጓሮው የሚያውቅ፣ ለዓመታት እዚያው የኖረ ሰው። ደሳለ የተተከለውን ሊያይ እንደመጣ ሲነግረው አፈጠጠበት።

"የተተከለውን? በግንቦት?"

"አዎ።"

"አይ አያ ደሳለ! በሐምሌ ብትመጡ አይሻልም? በሐምሌ አረንጓዴ ነው፣ ፎቶውም ያምራል። ኸዚያ በኋላ ፍየል አለ፣ ፀሐይ አለ፣ ምኑ ቅጡ።"

ቢሆንም ይዞት ወጣ። ተራራው ጉድጓድ በጉድጓድ ነው፤ በሥርዓት የተደረደረ፣ ሰው ላቡን ያፈሰሰበት ቁፋሮ። ውስጡ ግን አብዛኛው ደረቅ እንጨት ነው።

"እንዲያው በየዓመቱ አዲስ ጉድጓድ ስትቆፍሩ ቦታው እንዴት አላለቀባችሁም?" አለ ደሳለ።

"ምን ሊያደርግ አዲስ ይቆፈራል? ጉድጓዱማ ያው ጉድጓድ ነው። የአምናው ሲደርቅ ነቅለን የዘንድሮውን እንተክልበታለን። ሕዝቡ ለምዶታል፤ ሁሉም የየራሱን ጉድጓድ ያውቃል።"

ደሳለ አንዷ ጉድጓድ አፍ ላይ ቁጢጥ አለ። እዚህች ላይ ስንት ዓመት ሙሉ ተተክሏል፤ ሁሉም ዓመት በእሱ ኮምፒውተር ውስጥ አለ፤ ጉድጓዷ ግን አንድ ናት፣ እሷም ባዶ። ከፍ ብሎ የሚታየው አንድ ጥቁር አረንጓዴ ነገር የቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ብቻ ነበር። እሱ ደግሞ በማንም ዕቅድ ስላልተያዘ በየትኛውም ሪፖርት ውስጥ አልገባም። ደሳለ ሳቁ መጣበት፤ ወዲያው ደግሞ ልቅሶ ልቅሶ አለው። የሆነ ሰው ቀልዶብኛል እንዳይል፣ የቀለደበትን ሰው አያገኘውም።

ከፈንታው ጋር ሲዞሩ ውለው በሕይወት ያለውን ሁሉ መዘገቡ። በሌሎቹም ቀበሌዎች ያሉ የልማት ሠራተኞች በስልክ ሲለምናቸው እያጉረመረሙ ነገሩት። ያንን በሌላ ገጽ ላይ ለብቻው ሣለው። ክቦቹ ከቁንጫ አይበልጡም።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ባምላክ ጠዋት ሲገቡ ደሳለ ትልቋን ክብ ከፍቶ ተክዞ ደረሱበት።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"የችግኝ ሥራችን ነው ጌታዬ፣ ለፈተናው..."

አቶ ባምላክ መነጽራቸውን አወጡ። ፊታቸው እንደ ሙሽራ በራ። "ይኼ ሁሉ የኛ ነው? ላሊበላ ድረስ? አንተ! እንዲህ ያለ ነገር ትችላለህና ዝም ብለህ ተቀምጠሃል? ለፈተናው ከዞን የሚመጣው ሰው ይኼን ማየት አለበት።"

"አንድ ሌላም አለ" አለ ደሳለ፤ ሁለተኛውን ገጽ ከፈተላቸው። አቶ ባምላክ ጎንበስ ብለው አዩት። ከዚያ የኮታቸውን እጅጌ ሰበሰብ አድርገው ስክሪኑን ወለወሉት። ነጥቦቹ አልጠፉ ሲሏቸው እንደገና ወለወሉት።

"አቧራ አይደለም" አለ ደሳለ ቀስ ብሎ። "አሁን በሕይወት ያሉት ናቸው።"

ኃላፊው ቀና ብለው በር በሩን አዩ። "ደሳለ" አሉት፤ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም፣ አባትነት ነው ያለው። "ሚስትህ ወልድያ ናት አይደል? ልጅህም። የመልቀቂያ ደብዳቤህን የምፈርመው እኔ ነኝ፤ ደግሞም እፈርማለሁ። አንተ ብቻ አትወላውል። የጠየቁህ ሥራህን ነው፤ ሥራህን አሳያቸው።"

ሰውየው ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ለደሳለ ይቀልለት ነበር። ክፉ አልነበሩም። ለፈተናው ሲሄድ መንገዱን ሁሉ ነገሩን አሰላሰለው። ድምሩ ውሸት አይደለም፤ የተተከለው በእርግጥ ተተክሏል፣ ሰዉ በዝናብ ቆፍሯል። ነጥቡም ውሸት አይደለም። ሁለት እውነት ካለ የትኛውን ብናገር ምን ነውር አለው? ፈትሂያስ ሰማያዊም ይሆናል አረንጓዴም ይሆናል ብላ የለ? ላሊበላ ሲደርስ ራሱ የተበጠበጠ ጠላ ሆኖ ነበር።

የፈተናው የመጀመሪያ ክፍል በኮምፒውተር ነው፤ ምርጫ በምርጫ። ዓመት ሰማያዊ ነው አረንጓዴ የሚልም መጣለት፤ በእግዜር ስም ብሎ አንዱን ነካ። ለጥቂት አለፈ። ለሁለተኛው ክፍል ሲጠራ አዳራሹ ፊት ፈትሂያ ተቀምጣለች፤ አጠገቧ ከዞን የመጡት ሹም፤ ከኋላ ደግሞ አቶ ባምላክ፣ እንደ ሚዜ ለብሰው።

ደሳለ ላፕቶፑን ከፈተ። ጣቱን ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ወስዶ መለሰ። ትልቋን ክብ ከፈተ።

የዞኑ ሹም ወንበራቸውን ወደ ፊት ሳቡ። "እንዲህ ነው እንጂ!" አሉ። "ሌላው ወረዳ ምን ይሠራል?"

ፈትሂያ አልሳቀችም። "አቶ ደሳለ፣ ይኼ ሥዕል የሚመልሰው የትኛውን ጥያቄ ነው?"

"ስንት ችግኝ እንደተከልን።"

"ልክ ነው" አለች። እንደ አሠልጣኝ ደስ ብሏት ነበር። ከዚያ ዓይኗ ወደ ስክሪኑ ግርጌ ወረደ። "ከሥር ሌላ ገጽ አለ። እሱስ ምንድን ነው?"

ያን ሁሉ ጊዜ አብሮት የከረመው ግራ መጋባት ድንገት ትቶት ሄደ። የትኛው ልክ እንደሆነ ያን ጊዜ በደንብ ያውቅ ነበር። ጥርት ብሎ ታየው፤ ምነው ባልታየኝ ብሎም ተመኘ። የሺሃረግን አሰበ፣ ልጁን አሰበ።

"እሱ ልምምድ ነው" አላት።

ፈትሂያ ጥቂት አየችው። ቃሉን አምና እንደሆነ፣ ወይም ሌላ ነገር አስባ እንደሆነ አላወቀም። "እሽ" አለችና ፈረመች። የዞኑ ሹም ተነሥተው ጨበጡት፤ ሰኞ ወልድያ እንገናኝ አሉት። አቶ ባምላክ ግንባሩን ሳሙት።

ደሳለ ወደ ግቢው ወጣ። እንዳልተደሰተ ማስመሰል አይቻልም፤ አፉ አልገጥም ብሎታል። እንዳላፈረም ማስመሰል አይቻልም፤ ፊቱ ይነድዳል። ስልኩን አውጥቶ ደወለ።

"አለፍኩ" አላት።

የሺሃረግ እልልታዋን ለቀቀችው። ከጀርባዋ ሕፃኗ እናቷን ተከትላ ትጮኻለች። እንባዋን እየዋጠች "ሰኞ? እውነት ሰኞ?" አለች። ሰኞ ነው አላት። እንደገና እልል አለች። ትንፋሿ ሲመለስላት፣ "እስኪ ንገረኝ፣ እንዲያ ያስጨነቀህ፣ ምን ብለው ጠየቁህ?" አለችው።

"ስንት ችግኝ እንደተከልን።"

"በቃ?" አለች የሺሃረግ እየሳቀች። "እሱማ ቀላል ነው!"