ወንዝ መሀል ያለ ነጥብ

ነብሯ ወገቧ ላይ የወጥመድ ሽቦ ጠልቆ ገብቶባታል። ታላቅ ወንድሜ የዱር እንስሳት ሐኪም ነው፤ ማደንዘዣውን ይዞ ከሾፌሩ ጋር ወንዙ ዳር ቆሟል። እኔ ከተማ፣ ቢሮዬ ውስጥ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጫለሁ። አንገቷ ላይ የታሰረው መሣሪያ በሳተላይት በኩል አልፎ አልፎ፣ ያውም የተዛነፈ ምልክት ይልካል። ፕሮግራሙ ምልክቶቹን አገናዝቦ የት ልትሆን እንደምትችል ይገምታል፤ ግምቱን በነጥብ፣ እርግጠኛ ያልሆነበትን ስፋት ደግሞ በነጥቡ ዙሪያ በክብ ያሳያል።

«እሺ ጩጬ፣ የት ናት?» አለኝ ወንድሜ በስልክ።

«ነጥቡ ወንዙ መሀል ነው።»

ሾፌሩ ከጎኑ ሲስቅ ሰማሁት። «ምነው እህታችን፣ መረብ ይዘን በመጣን ነበራ!»

«ከምልክቶቹ ግማሾቹ ወዲህ እናንተ ጋ፣ ግማሾቹ ወዲያ ማዶ ናቸው» አልኩ። «ፕሮግራሙ ወንዝ መኖሩን አያውቅም፤ አማካዩን ነው የወሰደው። ወንዙን አስገብቼ እንደገና ላስላው ብል ይመሻል።»

«እስከዚያ ሽቦው አያቆያትም። ድልድዩ ደግሞ ሩቅ ነው። ወዲህ ናት ወዲያ?»

«እኩል ነው።»

«እኩል ብሎ ነገር ምንድን ነው? አንዱን በይኛ!»

«አንዱን ካልኩህ መዋሸቴ ነው፣ ወንድምዬ።»

«አንቺ እኮ ከልጅነትሽም እንዲሁ ነሽ። ከረሜላ ምረጪ ስትባዪ ሱቁ እስኪዘጋ ትቆሚያለሽ።» ስልኩን ሳይዘጋ ሾፌሩን «በዚሁ በኩል እንፈልግ» አለው።

ቁጥሮቹን ደግሜ አየሁ። ወደ አንዱ ዳር የሚያደላ ነገር ፈለግኩ፤ የለም። አንዳንዱን ምልክት ስህተት ነው ብዬ ባወጣ ግምቱ ወዲህ ይመጣል፤ ሌላውን ባወጣ ወዲያ ይሄዳል። የፈለግኩትን ዳር ማግኘት እችል ነበር። ነብሯን ግን አይደለም።

ከቀትር በኋላ ምልክቶች ተከታትለው መጡ፤ ሁሉም ከወዲያ ማዶ። ደውዬ ነገርኩት። የመኪናው በር ሲዘጋ ተሰማኝ።

«ወደ ድልድዩ እየሄድን ነው። ከነጥቡ ላይ ዓይንሽን እንዳትነቅዪ።»

አልነቀልኩም። አዲስ ምልክት በገባ ቁጥር ክቡ ጠበበ። ጠዋት ሁለቱንም ዳር ይሸፍን የነበረው አሁን ጥቂት ዛፎች ላይ አረፈ። እንዲህ ያለ ጥሩ ግምት በሥራ ዘመኔ አላየሁም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የማይንቀሳቀስ ነገር ለመገመት ቀላል ነው። ፕሮግራሙ የሚያውቀው ጉዞንና እረፍትን ብቻ ነው። ነጥቡን በእረፍት ቀለም ቀባው።

መሣሪያው ሙቀት አይለካም፤ ትንፋሽ አያዳምጥም፤ ሞት ይሁን እንቅልፍ አይለይም። ተኝታም ይሆናል። ነብር ቀን ቀን ይተኛል። ይህን ለራሴ ደጋግሜ ነገርኩት።

ስልኩ ጮኸ። «ድልድዩን ተሻገርን! ክቡ እንዴት ነው?»

«ጠቧል።»

«ምን ያህል?»

«በጣም። ዛፎቹ ሥር ናት።»

«እሰይ የኔ ጎበዝ!» አለ። ከዚያም ለሾፌሩ፣ «አላልኩህም? እህቴ እኮ ናት!»

«ታዲያ ልርገጠው ሐኪም?» አለ ሾፌሩ።

መንገዱ ገደል ገደል ነው። ፍጠኑ ልበላቸው ወይስ ቀስ በሉ፣ አላወቅኩም። «ቶሎ ድረሱ» አልኩ። ሌላ ምልክት ገባ፤ ክቡ እንደገና ጠበበ።