የየሁለት ሳምንቱ ሪፖርት

እና አንቀጽ ሦስት፣ ቤቱ ያለበት ሰፈር በጎርፍ ስጋት ካርታ ላይ እስከ ሦስት ሜትር ውሃ ሊገባበት ይችላል ተብሎ ተመልክቷል፣ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ የሙያ ፈቃዴን ለገዢዎቹ አሳይቻለሁ፣ ሕጉ ግልጽ ነው፣ ፈቃድ ያለው ሰው ከውል በፊት የቤቱን ነገር ለገዢ ያስረዳል፣ ገዢ ሳያውቅ እንዳይገዛ። ለሻጭ የሚነበብ ነገር የለም። ለሻጭ ደብዳቤ ነው የሚላከው።

ሻጯ ወይዘሮ ሺኖዙካ ከፊቴ ተቀምጠዋል፣ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፣ ቀኑን የመረጡት እሳቸው ናቸው፣ ታይአን ነው፣ በቀን መቁጠሪያው ገዱ የሰመረ ቀን፣ በሌላ ቀን አልፈርምም ብለው አምስት ቀን አስጠብቀውናል። ገዢዎቹ ኩሳካቤዎች፣ ባልና ሚስት፣ በቀኝ። አለቃዬ ኡሩሺባራ በግራ። ሻጭንም ገዢንም የምንወክለው እኛው ነን፣ እዚህ ቶያማ ሙያተኛው ሁለት እጅ ይለዋል፣ ከሁለቱም ወገን ኮሚሽን፣ ሕጉ አይከለክልም።

አንቀጽ አራት፣ የፍሳሽ መስመር።

ሕጉ የሚከለክለው ሌላ ነገር ነው። ከሰባት ሳምንት በፊት፣ ሐሙስ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከሃያ፣ ከካናዛዋ ከተማ አንድ ደላላ ደወለ፣ ወደ ቶያማ የተዛወረ መምህር ደንበኛ አለኝ፣ ዋጋውን አይከራከርም፣ ቅዳሜ ቤቱን ማየት ይችላል ወይ፣ ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ አለቃዬ ከወንበሩ ሳይነሳ እጁን አወናጨፈ፣ በድርድር ላይ ነው በዪው፣ ማንም የለም እኮ አልኩት መነጋገሪያውን በመዳፌ ሸፍኜ፣ ይመጣላ፣ ከውጭ ደላላ ጋር ግማሽ ተካፍለን ምን ልንበላ ነው፣ ያዥው፣ አዲስ ነሽ እንዴ። አዲስ አይደለሁም። ስምንት ዓመቴ ነው። ይቅርታ፣ ቤቱ በድርድር ላይ ነው አልኩት። አመስግኖኝ ዘጋ።

በማግስቱ የሪፖርቱ ቀን ደረሰ፣ በየሁለት ሳምንቱ ለሻጭ ይጻፍ ይላል ውላችን፣ ጻፍኩ፣ በእነዚህ ሁለት ሳምንታት ፈላጊ አልመጣም፣ ፈረምኩ፣ ፖስታ ቤት ወሰድኩ። የሚቀጥለውም እንዲሁ። ከዚያ ቤታቸው ሄጄ ዋጋውን ዝቅ ያድርጉት አልኳቸው፣ እንግዲህ ሰው ካልፈለገው ምን ይደረጋል ልጄ አሉ፣ ሁለት ሚሊዮን ስድስት መቶ ሺህ የን ወረደ። በሳምንቱ ኩሳካቤዎች መጡ። የራሳችን ገዢዎች።

የወይዘሮ ሺኖዙካ ባል ወንዙ ዳር ያለው መጦሪያ ውስጥ ተኝተዋል፣ አጠገባቸው ያለው ክፍል ተለቋል፣ በመጀመሪያው ዋጋ መግቢያውን ከፍለው ይገቡ ነበር፣ በአሁኑ አይበቃም፣ የሚገቡት ከከተማው ማዶ ካለ ሌላ መጦሪያ ነው፣ ወደ ባላቸው በሁለት አውቶቡስ፣ በረዶ ሲጥል ደግሞ ሁለተኛው ይቀራል።

አንቀጽ ስድስት፣ ግንባታው የተጠናቀቀበት ዓመት፣ ወይዘሮ ኩሳካቤ ፈገግ ትልልኛለች፣ ቤቱን አይተን ስንመለስ መኪና ውስጥ የነገረችኝን የረሳሁ መስሏታል፣ እኛ እኮ እስከ መጀመሪያው ዋጋ መድረስ እንችል ነበር፣ እድለኞች ነን አይደል፣ እድለኞች ናችሁ አልኳት። ይህን ለሻጯ ብናገር የገዢዎቼን ምስጢር አወጣሁ፣ እነሱንም የምወክለው እኔ ነኝ። ስለ ካናዛዋው ብናገር ውሉ ይፈርሳል፣ መምህሩ ደግሞ ሌላ ቤት ገዝቷል፣ ሰኞ ተደብቄ ደውዬ አረጋግጫለሁ፣ እሳቸው ያለ ገዢ ይቀራሉ፣ ከማዶ ያለውም ክፍል ያመልጣቸዋል። ዝም ብል። ዝም እያልኩ ነው።

አንብቤ ጨረስኩ። ጥያቄ አለ?

የለም ይላል አቶ ኩሳካቤ፣ ወይዘሮ ሺኖዙካ ግን ጨርቅ ይፈታሉ፣ ደብዳቤዎቼ ናቸው፣ በቀን ተራ ተደርድረው፣ ይኸው አንድም አልጣልኩም ይላሉ፣ ለባሌ አነብለታለሁ፣ ይቺ ልጅ አንድ ጊዜ እንኳ ሳታሳልፍ ትጽፋለች ስለው እሱ ምን ይላል፣ የኛ ልጅ ከኦሳካ የማይጽፈውን! አቶ ኩሳካቤ ይስቃል፣ ሻጭ ደላላ ሲያመሰግን ዛሬ ገና አየሁ፣ አለቃዬም ይስቃል፣ እሷ እኮ ለሥራ ሟች ናት።

ግን ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አይክፋሽና፣ እውነት አንድም ሰው አልጠየቀውም? ሃምሳ ዓመት የኖርኩበት ቤት ነው፣ ይህን ያህል ያስጠላል እንዴ?

ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከሃያ። ሐሙስ። መምህር። አለቃዬ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስተኛ፣ ቀስ ብሎ፣ አፌ ተከፍቷል፣ የራሴን ድምፅ እሰማለሁ፣ ቤቱ ጥሩ ነው ወይዘሮ ሺኖዙካ፣ በጣም ጥሩ ቤት ነው። የጠየቁኝ ይህን አልነበረም። እንዲህ ካልሽ ይሁን፣ ደስ አለኝ፣ ይላሉ። ቀጥዪ ይለኛል አለቃዬ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ ውሉን ወደ እሳቸው አዞራለሁ፣ እዚህ ጋ፣ እዚህም ጋ፣ በፊርማ ፈንታ የሚመታውን የስም ማኅተማቸውን ከቦርሳ አወጡ፣ ቀይ ቀለም ሲነክሩት እጅጌያቸውን ነካ፣ ሳያትሙ ተዉት። እጄ አልታዘዝ አለኝ ልጄ፣ አንቺ አትሚልኝ፣ አንቺን ካላመንኩ ማንን አምናለሁ። ሻጭ ራሷ ናት የምታትመው፣ ደንብ ነው፣ ለማለት ወደ አለቃዬ ዞርኩ፣ እሳቸው ካሉማ አትሚላቸው እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ።

ማኅተሙ ትንሽ ነው፣ የቀንድ፣ በእጃቸው ሞቋል፣ ባጋድለው ይበላሻል፣ የተበላሸ ማኅተም ደግሞ አጠገቡ ይደገማል እንጂ ውል አያስቀርም፣ ይህንንም አውቃለሁ፣ ጫንኩ፣ እስከ አምስት ቆጠርኩ፣ ሳነሳው ስማቸው ጥርት ብሎ ወጥቷል፣ አንድ ጎን እንኳ አልደበዘዘም፣ አየሽ ይላሉ ጎንበስ ብለው፣ እኔ ብሆን ኖሮ አጣምሜው ነበር።