የእናቴ የነሐስ ራስ

ነሐስ የፈሰሰበት የጭቃ ቅርጽ ተሰብሮ ሲወጣ ያብረቀርቃል። እኛ ቤት ግን እንዳብረቀረቀ አያድርም፤ ጓሮ ያለው ጉድጓድ ይጠብቀዋል። ጉድጓዱ ውስጥ የፈረስ ሽንት፣ የዶሮ ኩስ፣ የረግረግ ጭቃና ጎረቤት ሁሉ አኝኮ የተፋው የኮላ ፍሬ አለ። ይህን ሁሉ የማቦካው እኔ ራማቱ ነኝ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ። ሽታው ከጥፍሬ ስር አይለቅም። ገንፎ ስጎርስ እንኳ አብሮ ይገባል።

እዚያ ተቀብሮ የከረመ የነሐስ ራስ የመቶ ዓመት ዕድሜ ይዞ ይወጣል። አጎቴ ሙሊዮም ይወስድና "ከድሮ መሳፍንት ቤት የተገኘ" እያለ ለፈረንጅ ይሸጠዋል። ከተማችን ፉምባን ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም፤ የማያውቁት ገዢዎቹ ናቸው። የሠሪውን፣ የአባቴን የንጂ ፊፈንን ስም ግን ከሰፈራችን ውጭ ማንም ሰምቶት አያውቅም።

አንድ ቀን ከዋና ከተማው ከያውንዴ ወሬ መጣ። ማዳም ኤየንጋ የምትባል ሴት የአገሪቱን የዛሬ የእጅ ጥበብ ሰዎች በአንድ መጽሐፍ ልትሰበስብ በየከተማው እየዞረች ነው። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ፣ ከነፎቶው ከነስሙ። የምትጠይቀው ሥራው አዲስ እንዲሆን፣ ሠሪውም በሕይወት እንዲኖር ብቻ ነው።

አባቴ ያን ቀን ምግብ አልበላም። "በስሜ!" ይላል፣ ይቀመጣል፣ ደግሞ ይነሳል። "በገዛ ስሜ እኮ ነው፣ ራማቱ!"

ከዚያ የእናቴን ራስ ሠራ። እናቴ አጃራ እስክትሞት ድረስ ገበያ ላይ ዓሣ ስትጠብስ የኖረች ሴት ናት። ሻሿን ወደ ግራ አዘንብላ ነበር የምታስረው፣ የፊት ጥርሷም ጠማማ ነበር። አባቴ መጀመሪያ በሰም ሲቀርጻት ያን ጥርስ አልረሳውም። ሰሙ በጭቃ ተለብጦ ቀልጦ ከወጣ በኋላ፣ ነሐሱ በቦታው ፈስሶ ቀዝቅዞ ጭቃው ሲሰበር እማዬ እያበራች ወጣች። አንገቷ ስር ስሙን ቀረጸ። ቤታችን ውስጥ እንዲህ የሚያበራ ነገር መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ አይቼ አላውቅም ነበርና አለቀስኩ።

ሴትየዋ ልትመጣ ቀናት ሲቀሩ ለማቅለጫ የሚሆን የተሰባበረ የነሐስ ቧንቧ ልለቅም ኩታባ ከተማ ሄድኩ። የምትመጣበት ቀን ጠዋት ስመለስ መደርደሪያው ባዶ ነው።

"አባባ፣ እማዬ የታለች?"

በአገጩ ወደ ጓሮ አመለከተኝ።

"ምን አደረጓት?"

"ምን ላድርጋት ታዲያ? የተከበረ እንግዳ ይመጣል። እንደዚያ እየተብለጨለጨች፣ ራቁቷን ላቅርባት? ጅምር ሥራ ነው አይሉኝም?"

"አዲስ ነው የሚፈልጉት እኮ! አዲስ!"

"እንዲያ ይላሉ" አለ፣ እንደ ሞኝ እያየኝ።

ጉድጓዱን በእጄ ቆፈርኩት። እናቴ አፏ ኩስ ሞልቶ ወጣች። አንገቷ ስር የቀረጸውን ስሙንም አባቴ በሰምና በጭቃ ደፍኖታል። ሳላጥባት መኪናው ደጃችን ቆመ። አጎቴ ከእጄ ነጥቆ በጨርቅ ወልወል አደረጋትና ጠረጴዛ ላይ አስቀመጣት።

ማዳም ኤየንጋ ገና ስትገባ አፍንጫዋን ያዘች። "ኡፍ! ምንድነው የሚሸተው?"

"ፈረስ ነው፣ ማዳም" አለ አጎቴ።

የነሐሱን ራስ ስታይ እጇን ከአፍንጫዋ አወረደች። ዞረችው፣ ጎንበስ ብላ አየችው። "ይሄን የሠራው ማነው?"

ስንጠብቅ የከረምነው ይህን ጥያቄ ነበር። አባቴ ቆፍጠን ብሎ ቆመና አፉን ከፈተ።

"ከቅድመ አያቶቼ ቤት የተገኘ ነው፣ እመቤቴ። ሠሪው አይታወቅም።"

ያለውን ራሱ የሰማው ካለው በኋላ ነው። ዕድሜ ልኩን ፈረንጅ ሲጠይቀው የሚመልሳት መልስ ናት፣ ሳያስበው አመለጠችው።

"እሱ ነው የሠራው!" ብዬ ጮህኩ። "እናቴ ናት! አባባ፣ ይንገሯት እንጂ!"

አባቴ አጎቴን አየው። አጎቴ ዓይኑን አፈጠጠበት፤ ይህች ሴት ካወቀች ገዢው ሁሉ ሊሰማ ነው። አባቴ አንገቱን ደፋ።

ማዳም ኤየንጋ ሳቅ አለች። "እህቴ፣ አንዱን ምረጡ። አሮጌ ከሆነ የእሱ ሥራ አይደለም። የእሱ ከሆነ ደግሞ አጭበርባሪ ነው፤ አጭበርባሪ መጽሐፌ ውስጥ አላስገባም።"

እውነቷን ነው፤ እውነቷን መሆኑ ነው ያንገፈገፈኝ። ያም ሆኖ ከመሄዷ በፊት እናቴን በየአቅጣጫው ፎቶ አነሳቻት።

መጽሐፉ በዓመቱ ታተመ፣ አጎቴም አንዱን ይዞልን መጣ። የዛሬዎቹ ሠሪዎች ገጾች ከመጀመራቸው በፊት፣ መግቢያው ላይ፣ እናቴ ሙሉ ገጽ ይዛ ተቀምጣለች። ከስሯ "የጥንት ንግሥት። ሠሪው ያልታወቀ" ይላል። ዓሣ ጠባሿ እናቴ! ያቺ ሴት ይህን የጻፈችው "አጭበርባሪ አላስገባም" ካለች በኋላ ነው።

አባቴ ያለቅሳል ብዬ ሳየው ዕንባው እስኪፈስ ሳቀ። መጽሐፉን ከፍቶ ወደ መንገዱ ሮጠ። "ኑ እዩ! ያልታወቀው እኔ ነኝ! እኔ ነኝ ያልታወቀው!"

"ጎሽ፣ ንጂ!" እያሉ የሰፈሩ ነሐስ ሠሪዎች አጨበጨቡለት። ሁሉም አስጠሉኝ፤ ከሁሉም በላይ የአባቴ ደስታ አስጠላኝ። አንድ ጊዜ ስሙን ሊያስጠራ ተነሳ፣ ስሙ ሲቀር ደግሞ ይኸው ይጨፍራል።

"እንዲህ ያለ ራስ አሥር ታዟል" አለ አጎቴ፣ እጁን እያፋተገ። "ከነጥርሱ።"

አባቴ እጅጌውን ሰበሰበ። "ራማቱ! ባልዲውን ይዘሽ ነይ፣ ሽንቱ አልቋል!"

እናቴን ከመደርደሪያው አንስቼ በሻሽ ጠቀለልኳት። ባልዲውን እግሩ ስር አስቀመጥኩለት።

"ራስዎ ይሽኑበት፣ አባባ።"