የአበልጅ ስልክ

አበጀ የጭነት ደላላ ነበር። ወደብ ላይ ዕቃ የተራገፈለትን ነጋዴና ባዶ መኪና ይዞ የቆመውን ሾፌር ያገናኛል። ስምንት ዓመት ሙሉ በዚያ በአሰብ ሐሩር ከወደቡ በር እስከ መኪና ማቆሚያው በእግሩ ስለተመላለሰ፣ የማን ፍሬን እንደሚያቃስት፣ ማን ሎግያ ሲደርስ መጠጥ እንደሚያበዛ ሳይቀር ያውቃል። ፊደል አልቆጠረም፤ ሰው ግን አውቃለሁ ባይ ነው።

በ1958 ዓ.ም. በአሰብ ስልክ ለግለሰብ መግባት ሲጀምር ጥቅሙ ፈጥኖ የታየው ሰው አበጀ ነበር። የአዲስ አበባ ነጋዴ ደብዳቤው እስኪደርስ መኪናው ባዶውን ይመለሳል፤ በስልክ ግን ወዲያው ያዛል። ችግሩ፣ ሽቦው አበጀ ቤት አይደርስም። ምሰሶው የቆመው አበልጁ ይልቃል ደጃፍ ነው። ይልቃል የአበጀን ልጅ ሣህሉን ክርስትና ያነሣ ሰው ነው።

“አንተ ቤት ይግባ። ማመልከቻውንም አንተው ፈርም፤ የእጅ ጽሑፍህ ያምራል” አለው አበጀ።

ውል እንጻፍ ያለው እንኳ ይልቃል ራሱ ነበር። አበጀ ተቆጣ። “ከአበልጄ ጋር ውል? ሰው ቢሰማ ምን ይለናል?” ብሎ ወረቀቱን አስጣለው። ለማስገቢያው የሚስቱን አምባር ሸጦ፣ ስልኩን በሰው ስም አስገባ። ይኼ የዋህነት አይደለም፤ ሞኝነት ነው።

ሥራው ደራ። ይልቃል ወንበሩ ላይ ሆኖ “ሃሎ” ይላል፣ አበጀ ሾፌር ፍለጋ ይሮጣል። ከሩጫው ብዛት አንድ ቀን እንኳ በዚያ ስልክ አልተናገረም። ነጋዴዎቹ የይልቃልን ድምፅ፣ ሾፌሮቹም ቀስ በቀስ የይልቃልን ደጃፍ ለመዱ።

ሰኔ ላይ ይልቃል፣ “አበልጄ፣ ሐሩሩ ጎዳህ፤ ትንሽ ዕረፍ” አለው። አበጀ ያዘነለት መስሎት መረቀው። ሳምንት አረፈ። በሁለተኛው ሳምንት የሚጠራው ጠፋ። ሄዶ ሲጠይቅ “ገበያው ቀዝቅዟል” ተባለ፤ መኪኖቹ ግን ተጭነው ወደ ኮምቦልቻ ሲያልፉ በዓይኑ ያያል። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ሰምቷል፤ ግን ከአበልጁ አፍ ካልሰማ ማመን አቃተው።

ስልክ ቤት ሄዶ ተራ ጠበቀና የይልቃልን ቤት ስልክ፣ ቁጥር አርባ ሰባትን አስጠራ። እጀታውን ጆሮው ላይ አደረገ።

“ሃሎ፣ የጭነት ቢሮ” አለ ይልቃል፣ ቀብረር ብሎ።

“አቶ አበጀን ፈልጌ ነበር።”

“እሱማ ታሞ አገሩ ገባ። አይሥጉ፣ ሥራውን ለእኔ አስረክቦ ነው የሄደው። አበልጆች ነን፤ ልጁን ክርስትና ያነሣሁት እኔ ነኝ።”

በልጁ ስም ሲነግድ መስማት ከሁሉም ከፋበት።

“ይልቃል፣ እኔ ነኝ እኮ። አበጀ።”

ይልቃል ጉሮሮውን ጠረገና በዚያው በጨዋ ድምፁ፣

“ቁጥር ተሳስተዋል፣ ጌታዬ” አለው።